ከመፋቅ በፊት መቀቀል፦ የአንድ ውጅግራ አፈሙዝ ጥገና

ጠመንጃው የደረሰኝ በረጅም ካርቶን ውስጥ፣ በደረቀ ቅባትና በአቧራ ተለውሶ ነበር። በኢትዮጵያ የጦር ግምጃ ቤቶች ለብዙ ዘመን የተከማቹ አሮጌ ጠመንጃዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት ተሸጠው ወደ አሜሪካ ገብተዋል። እኔም በምኖርበት በኮሎራዶ ግዛት፣ በኦሮራ ከተማ ሆኜ ከእነዚያ መካከል አንድ ውጅግራ ገዛሁ። ካርቶኑን ስከፍት የመጣው ሽታ ወዲያው ወደ አያቴ ቤት መለሰኝ። አያቴም ውጅግራ ነበራቸው። በግድግዳው ላይ ከጋሻው ጎን ተሰቅሎ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እያወረዱ ሞራ ሲቀቡት አይ ነበር። ያ ጠመንጃ ዛሬ የት እንዳለ ከቤተሰባችን የሚያውቅ የለም። የገዛሁት የእሳቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከዚያው ዘመን፣ ከዚያው አገር የተረፈ ነውና እንደ ዘመድ ተቀበልኩት።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ዓይነት ጠመንጃ በእጃቸው የገባ ሰዎች ስለበዙና ብዙዎቹም የመጀመሪያ ሥራቸው የብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ ዝገቱን መፋቅ ስለሆነ ነው። እኔም ያንኑ አድርጌ የማይመለስ ነገር አጥፍቻለሁ። እናንተ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ጠመንጃው ጥቂት ልበል፤ ምን እንደያዛችሁ ሳታውቁ ምን እንደምትጠግኑም አታውቁምና። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሉታል። ፉዚ ጠመንጃ ማለት ነው፤ ግራ ደግሞ የነደፈው መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። የእኛ አባቶች ሁለቱን ቃል አንድ አድርገው ውጅግራ አሉት፤ የእንግሊዙን ስናይደር ሰናድር እንዳሉት ማለት ነው። ከእሱ በፊት የፈረንሳይ ጦር ይዞት የነበረው የእ.ኤ.አ. 1866 ሻስፖ ነው፤ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 ይኸው አሠራር የነሐስ ቀለህ ላለው 11 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲሆን ተለውጦ ውጅግራ ተወለደ። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ተኩሶ፣ ቀለህ አውጥቶ፣ እንደገና ማጉረስ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራውን ሌበል ስትታጠቅ፣ ውጅግራ በብዛት ትርፍ ሆነና በባሕር ወደብ በኩል ወደ እኛ አገር ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች ላይ ከተተኮሱት ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ አንዱ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላም በአርበኞች እጅ ነበር። የእኔው አፈሙዝ ላይ የተመታው ዓመት እ.ኤ.አ. 1877 ነው፤ መቀባበያው በሚገባበት ቤት ጎንም የሴንት ኤቲየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም በእጅ ጽሑፍ መልክ ተቀርጾበታል።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ ግዛቶች ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸውና የራሳችሁን አረጋግጡ። ኢትዮጵያ ላላችሁ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። የአያት ቅርስም ቢሆን ከመነካቱ በፊት የፈቃዱን ጉዳይ ከሚመለከተው አካል ጋር ጨርሱ።

ከሁሉ በፊት ጥይት አለመጉረሱን ማረጋገጥ ነው። «መቶ ዓመት የተቀመጠ ጠመንጃ ምን ጥይት ይኖረዋል» አትበሉ፤ መቶ ዓመት የተቀመጠ ማለት መቶ ዓመት ሰው ያልፈተሸው ማለት ነው። መቀባበያው ዝጎ እምቢ ካለ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ ጫፍ እስኪቆም ድረስ አስገቡ፤ ሲቆም በአፈሙዙ ጫፍ ልክ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉና አውጥታችሁ ከውጭ በአፈሙዙ ጎን ለኩት። ዘንጉ እስከ መቀባበያው ፊት መድረስ አለበት። ጥቂት ጣት ያህል ቢጎድል ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነውና ሥራውን አቁማችሁ ለባለሙያ ስጡት። በእኔው ውስጥ የነበረው እንደ እንጨት የደረቀ የጨርቅ ቁራጭ ነበር፤ እሱንም ሳላውቅ አንድ ቀን ሙሉ ፈርቻለሁ።

ቀጥሎ አፈሙዙን ከእንጨቱ ማውጣት ነው። በመጀመሪያ መቀባበያውን አግዳ የያዘችውን ትልቅ ብሎን ጥቂት ዙር አላልቶ፣ ቃታውን ጫን አድርጎ ይዞ ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ መቀባበያው ይወጣል። የዚያ ዘመን ብሎኖች አናታቸው ላይ ያለው ስንጥቅ በጣም ቀጭን ነው። የዛሬ ካቻቢቴ አይገባበትም፤ ሲገፋ ደግሞ ከንፈሩን ይሰብረዋል። ስለዚህ ሁለት ርካሽ ካቻቢቴዎች ገዝቼ ጫፋቸውን በሞረድ እየሳልኩ ለእያንዳንዱ ብሎን ልክ አደረግኋቸው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የ140 ዓመት ብሎን ያድናል።

አስቸጋሪዎቹ አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር ያሰሩት ሁለት የብረት ቀለበቶች ነበሩ። ዝገቱ ከአፈሙዙም ከእንጨቱም ጋር አጣብቋቸዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በጠብታ እየሰጠሁ ሦስት ቀን ተውኳቸው። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ እያደረግሁ፣ በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ጠንካራ እንጨት አስደግፌ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ በቀስ መታሁ። በአንድ ጎን ብቻ ከመታችሁት ቀለበቱ ይጋደምና እንጨቱን ይፈለቅቃል። ዘይቱም ወደ እንጨቱ እንዳይሰርግ ከሥሩ ጨርቅ አድርጉ። ቀለበቶቹ ከወጡ በኋላ ከኋላ ያለው ረጅሙ ብሎን ሲፈታ አፈሙዙ ከነመቀባበያው ቤት ተነሣ፤ ከአንገቱ ላይ ግን በጠፍር የታሰረውን የእንጨቱን ስንጥቅ እንዳልነካ ተጠንቅቄ ነበር። ያንን ጠፍር ያሰረው ሰው እርጥቡን ጠምጥሞ ፀሐይ ላይ አድርቆታል፤ ዛሬም ከብረት ይጠነክራል።

አፈሙዙን ገልብጬ ሳየው ደነገጥኩ። ከላይ ሲታይ ቀይና ቡናማ ዝገት ብቻ የነበረው ብረት፣ በእንጨቱ ውስጥ ተኝቶ በኖረው ሆዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ባይሆንም የጥንቱን ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙን እንደያዘ ነበር። አሮጌው ቅባት ደርቆ እንደ ሰም ሸፍኖ ጠብቆታል። የፋብሪካው ባለሙያ ሲጨርሰው ምን ይመስል እንደነበረ የሚነግረኝ ያ ብቻ ነበር። እናንተም ስታወጡት መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ይሁን፤ ፎቶ አንሡት፤ ከዚያም አትንኩት።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ያንን ቀለም ባየሁበት ደስታ ቸኮልኩ። ላዩንም እንደ ሆዱ ላደርገው ብዬ በዚያው ምሽት የብርጭቆ ወረቀት አነሣሁ፤ ሻካራውን፣ ቁጥር 120። ከመቀባበያው ቤት ፊት ጀምሬ ወደ ማነጣጠሪያው መፋቅ ያዝኩ። ዝገቱ በቀላሉ ይነሣል፤ ከሥሩ ነጭ ብረት ብቅ ይላል፤ እጅም ይሞቃል፤ ማቆም ያስቸግራል። ምናልባት አንድ ጣት ወርድ በሦስት ጣት ርዝመት ያህል ከፋቅሁ በኋላ የእጅ ባትሪ አምጥቼ ሥራዬን ለማየት ብርሃኑን ከጎን አጋደምኩት። ብርሃን ከፊት ሲመጣ የማይታየው ከጎን ሲመጣ ይታያል። በብረቱ ላይ በእጅ የተመቱ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። ቀረብ ብዬ ሳይ የግእዝ አኃዝ ነው፤ ፫፻፲። ከዚያ ቀጥሎ ሌላ አኃዝ ነበረ። የእግሩ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። የቀረውን እኔ ፍቄዋለሁ።

አንድ ሰው፣ ምናልባት የግምጃ ቤት ሹም፣ ምናልባት የጦር አለቃ፣ ይህን ጠመንጃ ቆጥሮ በገዛ እጁ ቁጥር ሰጥቶታል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይሁን አሥራ ሦስት ወይም ሌላ፣ አሁን የሚነግረኝ የለም። በዚያ ሌሊት አልተኛሁም።

በማግስቱ ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልዬ በሰፈራችን ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወሰድኩት። አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን በሙሉ በብረታ ብረት ሥራ ያሳለፉ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። የፋቅሁትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ዝገቱ የት ይሄድብሃል ብለህ ነው የቸኮልከው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

«በል እንግዲህ ወረቀቱን ጣልና ድስት ፈልግ። ብረቱን ትቀቅለዋለህ።»

መጀመሪያ የቀለዱ መሰለኝ። በኋላ ሲያስረዱኝ ግን ነገሩ ገባኝ። ቀይ ዝገት ስፖንጅ ነው፤ እርጥበት ይይዛል፣ ከሥሩ ያለውንም ብረት መብላቱን ይቀጥላል። ይኸው ዝገት በፈላ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ተለውጦ ማግኔታይት የሚባለው ጥቁር የብረት ውሁድ ይሆናል። ጥቁሩ አይበላም፤ ብረቱን አቅፎ ይቀመጣል። ከላይ የተንሳፈፈው ብናኝ በለስላሳ ሽቦ ሲታሽ ይረግፋል፤ የተጣበቀው ግን እንደ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ምንም ሳይፋቅ፣ አንድም የብረት ቅንጣት ሳይነሣ፣ ዝገቱ ራሱ ወደ ጥቁርነት ይለወጣል። ከዝገቱ ሥር የተደበቀ ጽሑፍ ካለም እዚያው ይገለጣል። ይህን ከአንድ ቀን በፊት ባውቅ ኖሮ ያ አኃዝ ዛሬም በቦታው ነበር።

አፈሙዙ ከነመቀባበያው ቤት አንድ ሜትር ገደማ ስለሚሆን የቤት ድስት አይበቃውም። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄጄ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ ገንዳ ከማይዝግ ብረት አሠራሁ፤ ሁለት ምድጃ ያለው የጋዝ ማብሰያ ላይ አግድም ይቀመጣል። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ነጫጭ ነጠብጣብ ያስቀራል። የተጣራ ውሃ ርካሽ ነው። እዚህ በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ቢሆን ወደ 92 ይወርዳል። እኔ ይህ ያንሳል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ መቀቀል ብቻ እንጂ ሌላ ችግር አላየሁበትም። በየጊዜው ግማሽ ሰዓት አቆየሁት።

ከመቀቀሉ በፊት ቅባቱ በሙሉ መልቀቅ አለበት፤ በአሴቶን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ማሻው ደግሞ አራት ዜሮ የሚባለው እንደ ጥጥ የለሰለሰ የብረት ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ከፋብሪካ ሲወጣ ዘይት ስለሚቀባ እሱንም በአሴቶን እጠቡት፤ ያለዚያ በአንድ እጅ ያጸዳችሁትን በሌላው ታቆሽሻላችሁ። አሴቶን እሳት ወዳድ ነውና ምድጃው ከመለኮሱ በፊት፣ በር ተከፍቶ ይሠራ።

ሦስት ጊዜ ቀቅዬ ሦስት ጊዜ አሸሁት። በሦስተኛው ላይ አፈሙዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ቡናማ፣ ጸጥ ያለ፣ ያማረ ብረት ሆነ። ያ የፋቅሁት ቁራጭ ብቻ እንደ ቁስል ነጭ ሆኖ አፈጠጠብኝ። በግልጽ ልናገር፤ ያንን ባልፋቅ ኖሮ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ዛሬ ሌላ ውጅግራ ቢመጣልኝ ቀቅዬ፣ አሽቼ፣ ዘይት ቀብቼ እተወዋለሁ። አዲስ ቀለም መስጠት የሚያስፈልገው የቀደመው በእርግጥ ከጠፋ ብቻ ነው። ሰብሳቢዎችም ቢሆኑ ታድሶ ካብረቀረቀ ጠመንጃ ይልቅ ዕድሜው የሚታይበትን ይወዳሉ፤ በገበያም ዋጋው ይለያያል። እኔ ግን ነጩን ቦታ ካልሸፈንኩት በመጀመሪያ የሚዝገው እሱ ስለሆነ መቀጠል ነበረብኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ። አፈሙዙን ከመቀባበያው ቤት ጠምዝዞ መፍታት ያስፈልጋል ወይ? ለቀለም ሥራ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም። እኔም ሞርሳ አዘጋጅቼ፣ ጠንካራ እንጨት ጠርቤ ልፈታው ተነሥቼ ነበር፤ ጋሼ ናቸው የከለከሉኝ። ሁለቱ ብረቶች በጥርስ ተያይዘው ከተጠበቁ በኋላ ጥይቱ የሚቀመጥበት ልክ የሚወሰነው በዚያ ጥብቀት ነው። በሆዱ በኩል ሁለቱን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን መስመር ታያላችሁ፤ ፋብሪካው ትክክለኛውን ቦታ ያወቀው በዚያ ነው። ፈትቶ መልሶ በትክክል እዚያው ላይ ማምጣት መሣሪያም ልምድም ይጠይቃል። የመቀባበያው ቤት ደግሞ በአንድ ጎኑ የተከፈተ ስለሆነ በማይሆን ቁልፍ ከተያዘ ይጣመማል። አፈሙዙ ከተሰነጠቀ ወይም ሌላ የግድ የሚል ምክንያት ካለ የባለሙያ ሥራ ነው። እኔ ሳልፈታው የቀረሁበት ቀን ከዚህ ጠመንጃ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ ትክክለኛው ነበር።

የማጥቆሪያው መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው በቀዝቃዛው የሚቀባ አለ፤ ፈጥኖ ይጠቁራል፣ ፈጥኖም ይለቃል። በኮስቲክ ሶዳ ጨው ውስጥ በ140 ዲግሪ ገደማ የሚዘፈቀው የፋብሪካ መንገድ አለ፤ ይህኛው በቆርቆሮ የተበየደን ነገር ይበላል። የውጅግራው ማነጣጠሪያ ደግሞ በአፈሙዙ ላይ የተበየደ ነው፤ ከገንዳው ሲወጣ ተነቅሎ በእጃችሁ ሊቀር ይችላል። የቀረው የጥንቱ ዘገምተኛ መንገድ ነው፤ ሆን ብሎ ማዛግ፣ ከዚያም መቀቀል። ዝገትን በዝገት ማሸነፍ ይሉታል ጋሼ።

ለዚህ የተዘጋጀ የአሲድ ፈሳሽ ከጠመንጃ ዕቃ መደብር ይገዛል። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ብቻ ተጠቀሙበት። የተጠቀለለ ጥጥ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ እርጥብ የማይባል እስኪሆን አድርቆ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ መሳብ ነው። በተቀባው ላይ አትመለሱ። ፈሳሹ ከበዛ ይወርዳል፤ የወረደበት መስመርም እስከ መጨረሻው አይለቅም። በባዶ እጅ የተነካ ቦታ ደግሞ የጣት አሻራ ይዞ ይቀራል። እኔ በሦስተኛው ዙር ላይ አፈሙዙን ከገንዳው ሳወጣ በክርኔ ነክቼው፣ ያንን ቦታ ለማስተካከል ሁለት ዙር ጨምሬያለሁ።

የመቀባበያው ቤት ቀድሞም ነጭ ብረት ስለነበረ እንዳይጠቁር መሸፈን ነበረበት። የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁበት፤ ከእያንዳንዱ ቅቀላ በኋላ እየታየ የተላጠው ይታደሳል። የአፈሙዙን ቀዳዳ በተመለከተ በሁለቱም በኩል የእንጨት ውታፍ እንዲደረግ የሚመክሩ አሉ። እኔም አደረግሁ፤ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ አንዱን ውታፍ ወርውሮ የፈላ ውሃ ክንዴ ላይ ረጨብኝ። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን ክፍት ተውኩት። ብረቱ ከፈላ ውሃ ሲወጣ በራሱ ሙቀት ይደርቃል፤ ወዲያው ደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎም ዘይት የነካ ጨርቅ በዘንግ ማሳለፍ በቂ ነው። ዘይቱ ግን ወደ ውጭው እንዳይመጣ ተጠንቀቁ።

የመጀመሪያውን ሽፋን ቀብቼ አደርኩ። በማግስቱ ስነሣ ምንም የለም። አንድ ቀን ጠበቅሁ፤ አሁንም ምንም። የኮሎራዶ አየር በብርዱ ወራት እንደ ምድረ በዳ ደረቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ማሞቂያ ሲበራ ደግሞ ይብስበታል። በጎንደር ክረምት ሰኔ ላይ ቢሆን በጥቂት ሰዓት ይዝግ ነበር። ስለዚህ የልብስ መስቀያ ላይ ትልቅ ፕላስቲክ ጥዬ ድንኳን ሠራሁ፤ ከሥሩ ሙቅ ውሃ ያለበት ሰፊ ሳሕን አስቀመጥኩ፤ አፈሙዙን በሽቦ አቁሜ ሰቀልኩት። የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ከ70 እስከ 80 በመቶ ውስጥ ጠበቅሁት። ከዚያ በላይ ሲሆን ጤዛ ይቋጠርና ብረቱን ያቆስላል። በአራት ሰዓት ውስጥ ቀጭን፣ እኩል የሆነ ብርቱካናማ ዝገት አበባ እንደ ነፋበት ሆነ። ለብዙ ሰው ዝገት የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ እኔ ግን ያንን ቀለም በዚያ ማለዳ ሳይ እልል ማለት ቃጣኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራው መደጋገም ነው፤ መቀቀል፣ ብርቱካናማው ጥቁር ሲሆን ማሸት፣ እንደገና መቀባት፣ ወደ ድንኳኑ መመለስ። በቀን ሁለት ዙር፣ በጠቅላላው ስምንት ዙር ሠራሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች መልኩ ዥጉርጉር ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። በአራተኛው መያያዝ ይጀምራል። በስድስተኛው የፋቅሁት ቦታ ከጎረቤቱ ሊለይ የማይችል ሆነ። ሲታሽ ግን በአኃዙ ላይ ጠንክሬ አላሸሁም፤ የቀረችውን እግር እንደ እንቁላል ነበር የያዝኳት።

በመጨረሻ አሲዱን ለማብረድ ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ንጹሕ ውሃ አሥር ደቂቃ ቀቀልኩት። ይህን አትዝለሉ፤ ከተዘለለ ዝገቱ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ትኩስ እንዳለ ዘይት አጠጣሁትና አንድ ሌሊት ተውኩት። ዘይቱ ሲገባ ግራጫ መሳዩ ጥቁር ጠለቅ ብሎ ወደ ሰማያዊ አዘነበለ። አፈሙዙን ገልብጬ ካልነካሁት ሆዱ ጋር አስተያየሁት። ወንድማማቾች ናቸው፤ መንታ ግን አይደሉም። የጥንቱ ይበልጣል።

እንጨቱ የዋልነት ነው። በላዩ ያሉትን ማኅተሞችና ጭረቶች ለመጠበቅ ስል ምንም አልፋቅሁትም፤ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ፣ የተልባ ዘይት በጣም ሣሥቶ ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ በየመካከሉ አንድ ሳምንት አደረቅሁት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፣ ጨርቁም በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። ጠፍሩን አልፈታሁም፤ ጥቂት ሰም ብቻ አስነካሁት። ሲገጣጠም ብሎኖቹን በማጥበቂያው መጨረሻ ላይ አታስጨንቁ፤ እንጨቱ ሸምግሏል።

ይተኮስበታል ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ይህ ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ጥይት ነው፤ ውስጡም ዝገት የቆፈረው ጉድጓድ አለበት። አዲስ ቀለም ብረቱን አላጠነከረውም። አልተኩስበትም።

ጋሼ መጥተው ሲያዩት ብዙ አልተናገሩም። አኃዙ ያለበትን ቦታ ፈልገው በባትሪ ከጎን አዩት። አንድ ጓደኛዬ የጠፋውን በብረት መቅረጫ መልሼ እንዳስመታው መክሮኝ ነበር፤ ጋሼን ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም አላስመታሁትም። ፪ ነው ብዬ ብመታና ፫ ቢሆንስ? ይልቅስ አንድ ወረቀት ጽፌ ከጠመንጃው ጋር በጨርቅ ቦርሳ አስቀምጫለሁ። የትኛው ቀለም የፋብሪካው፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ፣ በምን ፈሳሽ ስንት ዙር እንደሠራሁ፣ ከመቀባበያው ቤት ፊት የነበሩት የግእዝ አኃዞች ቁጥራቸው አራት መሆኑንና አራተኛውን በየትኛው ምሽት እንደፋቅሁት፣ በአማርኛ፣ በግልጽ ጽፌያለሁ። ከመፋቄ በፊት ያነሣኋቸውን ፎቶዎችም አያይዤበታለሁ። በአንደኛው ላይ፣ በዝገቱ ውስጥ፣ ዓይንን አጥብቦ ላየ የመጨረሻው አኃዝ ጥላ ያለ ይመስላል።